ከማራካሽ የመጣችው ጫማህ

ታድዬ፣

ከተለየኸኝ ስምንት ወር ሆነ። እኔ ግን አሁንም ማለዳ ማለዳ በደጃችን ስታልፍ እሰማሃለሁ። ያቺ ከማራካሽ ያመጣሃት፣ ተረከዝ የሌላት ቢጫ የቆዳ ጫማ ጧ፣ ጧ እያለች አጥሩን ታልፋለች፤ ከዚያ ጭጭ። ልጃችን ማህሌት መጀመሪያ ስነግራት ደንግጣ ጠበል ሂጂ አለችኝ። አሁን ግን ለምዳዋለች።

አየር ጤና ያለውን የቆዳ ሥራህን እሷ ይዛዋለች። ደንበኛ በማጫወት ትበልጥሃለች፣ አትቀየም። ሰፈሩን ግን ብታየው አታውቀውም። ከኋላችን የነበሩት የጭቃ ቤቶች ፈርሰው ፎቅ እየተሠራ ነው፤ አቋራጫችን በቆርቆሮ ታጥሯል። ይህን ሁሉ ዘመን በኖርኩበት ቀራንዮ መንገድ እየጠፋኝ ነው።

መንገድ በጠፋኝ ቁጥር የማራካሽ ወሬህ ይመጣብኛል። ቆዳ ማቅለም ልትማር ሄደህ አንድ ወር የተቀመጥክባት ከተማ ዕድሜህን ሙሉ ከአፍህ አልጠፋችም። ግንቧ እንደ ሸክላ ቀይ ነው፤ ማቅለሚያው ጉድጓድ አጠገብ ሰው የሚቆመው ለሽታው ናና አፍንጫው ላይ ይዞ ነው፤ ከተማዋ በሙቀት ስትነድ ከበስተጀርባዋ ያለው ተራራ በረዶ ለብሷል። የወጨጫን ተራራ በረዶ አልብሰሽ አስቢው ትለኝ ነበር። የጠፋህባትን ቀንማ ስንቴ ሰማሁት! በተጠላለፉት ጠባብ መንገዶች ቋንቋ ሳታውቅ ስትዞር ውለህ፣ አንድ ሽማግሌ ጫማቸውን እየጎተቱ ሲያልፉ ድምፁን ተከትለህ በከተማዋ በር ወጣህ። በማግስቱ ልክ እንደሳቸው ያለ ጫማ ገዛህ። እኔ ደግሞ ጀመረህ እያልኩ አቋርጥህ ነበር። ምነው ዛሬ በጀመርክልኝ።

አንድ የምናዘዝልህ ነገር አለ። በአርባህ ማግስት ልብስህን ለነዳያን ስንሰጥ ጫማዋንም ጨመርኳት። አልጋችን ግርጌ ሆና አንተን የምትጠብቅ እየመሰለኝ ፈራኋት። ማህሌት ጠቅልላ ወሰደች፤ ለማን እንደደረሰች አልጠየቅኩም። ድምፁ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። መድኃኔዓለም ያለው መቃብርህም ጋ ድርሽ አላልኩም፤ ለምን ሰጠሻት የምትለኝ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው እሁድ ግን ነጠላዬን ደርቤ ደጅ ቆሜ ጠበቅኩ። መጣች። ያደረጓት መድኃኔዓለም ደጃፍ የሚቀመጡ አንድ አዛውንት ናቸው። ሰው መሆናቸውን አይቼም አልተረጋጋሁም፤ ጫማዋ የምትራመደው እንዳንተ ነው፣ ግራዋ ትንሽ ትዘገያለች። ሳልጠራቸው ተከተልኳቸው። ቆርቆሮውን ዞረው፣ እኔ በማላውቀው መተላለፊያ ገብተው፣ ቤተክርስቲያኑ በር ላይ አወጡኝ። እሳቸው ቦታቸው ተቀመጡ። እኔ አንተ ጋ መጣሁ።

ሣር በቅሎብሃል። ነቀልኩልህ። ስምህን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁና እንደ መጀመሪያው ቀን አለቀስኩ።

ጫማዋን አላስመልስም፤ እሳቸው ይራመዱባት። የማራካሽን ወሬ ለማህሌት እየነገርኳት ነው፤ ስሳሳት አንተ ከኋላዬ የምታርመኝ እየመሰለኝ ዘወር እላለሁ። ከእንግዲህ እሁድ ማለዳ ጧ ስትል እወጣለሁ፤ አንተ ጋ ሳልደርስም አልመለስም።

ያንተዋ ዘነቡ