ለቀጨሞ ሜዳ መራጮች «ገጽታ» የቀረበ እርማት

ለክቡር አቶ ሀብቴ ጥላዬ
የቀጨሞ ሜዳ ቀበሌ አስተዳዳሪ

ክቡርነትዎ በጤናና በሙሉ ደስታ እንዲሰነብቱ፣ ክፉ ነገር እንዳይነካዎት፣ በተለይም ከጆሮዎ በላይ ያለውን ስፍራ አምላከ ቅዱሳን እንዲጠብቅልዎ እየተመኘሁ እጅ እነሣለሁ። የእኔን ደኅንነት ቢጠይቁ፣ የክርስትና ልጄን ጣሰውን ቀብሬ፣ አርባውንም አውጥቼ ደኅና ነኝ፤ እህል ግን አልወርድ ብሎኛል።

ባለፈው ሳምንት በቢሮዎ በር ላይ ያስለጠፉትን «የቀበሌያችንና የመራጮቿ ገጽታ» የተባለ ጽሑፍ መነጽሬን ሁለት ጊዜ ጠርጌ አነበብሁት። ምርጫው ደርሷልና እኛን ለበላይ አካል ለማስተዋወቅ መድከምዎን አድንቄ፣ ከንፋስ መውጫ ከተማ ዳር የምንኖር መሆናችንን እንኳ ሳይሳሳቱ መጻፍዎን አመስግኜ፣ ጥቂት እርማቶች አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ «ነዋሪው የከተማ ሕይወት ጀምሯል» ብለዋል። የዛሬ ሦስት ዓመት ገብሳችን ሳይታጨድ በላዩ ላይ ችካል አስተክለው ከተሜ አደረጉን፤ ከዚያ ወዲህ ማረስ ሕገ ወጥ ሆኖብናል፣ መብራቱና ውኃውም ይመጣል እንደተባለ ነው። በሬውን ሸጦ ባጃጅ የገዛ አለ፣ በሬውን ሸጦ የጠጣም አለ።

ሁለተኛ፦ «መራጩ ሰላማዊና ታዛዥ ነው» የሚለው ደስ አሰኝቶኛል። በቀጨሞ ሜዳ ጠመንጃ የሌለበት ቤት ቢኖር የእኔና የቄሱ ነው፤ የቄሱን እንኳ አልምልም። ክቡርነትዎ ሰላም ብለው የመዘገቡት ጥይት ጎርሶ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ነው።

ሦስተኛ፦ «በምዝገባው ስብሰባ የተፈጠረ ግጭት፦ የለም» ይላል። እዚህ ላይ ይቅር ይበሉኝና እቆጣለሁ። ጣሰው ከሕዝቡ መካከል ቆቡን አውልቆ ተነሥቶ፣ «ጌታው፣ በዕጩነት ያቀረቡልን ራስዎን ብቻ ነው፤ ካንድ ሰው ምኑን እንምረጥ?» ብሎ ጠየቀ። ያለው ይህንኑ ነው፤ ስድብ የለበትም። ፊቱን በሻሽ የጠቀለለ ሰው ከኋላው መጥቶ በሽመል ከጆሮው በላይ መታው፤ ሲንበረከክ ደገመው፤ ወድቆ እጁን ሲያነሣ ሦስተኛውን ጨመረለት። ሚስቱ ሰብለ ልትከልለው ብትደፋበት ግብረ አበሮቹ ጎኗን በጫማ ረጋገጧት። የሽመሉ ስባሪ ተፈናጥሮ ከክቡርነትዎ እግር ሥር ሲወድቅ በጫማዎ ገፋ አድርገው «ስብሰባው ይቀጥላል» አሉ፤ ቀጠለም። ጣሰው በሦስተኛው ቀን ሞተ። ስለ ሞቱ በጻፉት ደብዳቤ ላይ «ባልታወቁ ሰዎች ተመትቶ» ብለዋል።

አራተኛ፦ ያንን ስናነብ አዘንንልዎ፤ አለማወቅ ከባድ ነውና እናሳውቅዎ ብለን እንደ አባቶቻችን ልማድ አውጫጭኝ ተቀመጥን። ሁለት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ወንድ ሴት ሳይል፣ ታማሚው በቃሬዛ እየመጣ፣ መራጭ የተባለ ሁሉ ሜዳው ላይ ዋለ፤ ያላየ ማለ፣ ያየ ደግሞ ለእኛ ለሽማግሌዎቹ በምስጢር ጠቆመ። እንደሚያውቁት ከአውጫጭኝ መቅረት ነውር ነው። ከቀበሌው ሰው የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ሥራ ቢበዛብዎ ነው ብለን አልፈነዋል።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልግባ። የጣሰው ታናሽ ወንድም ደምሌ ደም ልመልስ ብሎ ጠመንጃውን ይዞ ወጥቶ ነበር። ሽማግሌ ሆነን እግሩ ላይ ወደቅን፣ መስቀል አውጥተን ለመንነው፤ በስንት መከራ ጠመንጃውን ቤተ ክርስቲያን አስቀምጦ እስከ መጪው እሑድ ድረስ ሊታገሥ ማለልን። ከእሑድ በኋላ የሚይዘው ነገር የለም። እኔ አርጅቻለሁ፤ ሌላ ሰው መቅበር አልፈልግም፤ ፍትሐቱ ላይ ዜማው ባይጠፋኝም እርስዎንም ጭምር መቅበር አልፈልግም። ስለዚህ እሑድ ይምጡና ከሕዝቡ ጋር መሬት ላይ ይቀመጡ፤ ወይ ይማሉ፣ ወይ የሚያውቁትን ይናገሩ። ጥፋተኛውን ለሕግ አስረክበን ደሙን በእርቅ እናደርቃለን። ወንበር የለንም፤ መሬቱ ግን እስካሁን ማንንም አልጠላም።

ዕድሜዎን ከእሑድ ወዲያ እንዲያረዝምልዎ ሳያሰልስ የሚጸልይ፣
ትሑት መራጭዎ
መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል

ጭማሪ፦ በአውጫጭኝ የጠቆመ ሰው ስሙ አይወጣም። የመጀመሪያው ጠቋሚ ግን ስሙን ይንገሩልኝ ብሎ ራሱ ፈቅዷል፤ ልመንህ ነው፣ የራስዎ ሚሊሻ፣ ሽመሉን የያዘው። ንስሐ ገብቶ ገዳም ተጠግቷልና አይፈልጉት። ጣሰው ከወደቀ በኋላ «ጨምርለት» ብሎ በዓይኑ የጠቀሰውን ሰው ነግሮናል። ይህን ደብዳቤ ከገጽታዎ ጎን ለጥፌዋለሁ። ደምሌ ፊደል አልቆጠረም፤ እስከ እሑድ ማንም እንዳያነብለት መንደሩ ተማምሏል። ሰኞ ጠዋት ግን እኔው ራሴ አነብለታለሁ።