በቁም ሳጥናችን ውስጥ የሰጠመው ተክል

ዌስተን፣ ቶሮንቶ
ሰኔ 10 ቀን 1988 ዓ.ም.

ውድ ባልቻ፣

ስለ ጤናህ አልጠይቅህም፤ ዛሬ ጠዋት ሆስፒታል መጥቼ አይቼሃለሁ። አልጋህ አጠገብ አርባ ደቂቃ ተቀምጬ ስለ አየሩ አወራሁህ። ስለ አየሩ! ሱዳን ውስጥ አንድ ብርድ ልብስ የተካፈልን፣ እዚህም ዘጠኝ ዓመት በአንድ ቤት የኖርን ሰዎች፣ «ዘንድሮ በጋው ዘገየ» ተባብለን ተለያየን። አውቶቡስ ላይ በራሴ ተናደድኩ፤ ቤት ገብቼም አልበረደልኝም። በአፌ ያቃተኝን በእጄ ልሞክረው ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ደብዳቤውን ነገ አክስትህ እትዬ ወለተማርያም ያደርሱልሃል።

ተክሏ ሞታለች። የመጨረሻዋ፣ አንተ «ወይዘሪት» ያልካት። ከባልዲው ሳወጣት ሥሯ እንደ ተቀቀለ ጎመን እጄ ላይ ተበጣጠሰ።

ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ ታስታውሳለህ። ጥር ላይ የካንሰሩን ሕክምና፣ ኬሞውን ስትጀምር የበላኸው ሁሉ ተመልሶ ይወጣ ነበር። ሾርባው ይወጣል፣ ሩዙ ይወጣል፣ ውሃው እንኳ ይወጣል። ሐኪምህ ክብደትህ ከሃምሳ ኪሎ ከወረደ ሕክምናውን ለማቆም እንደምትገደድ ነገረችን። ያን ሰሞን ኢቶቢኮ በምሠራበት መጋዘን ውስጥ አብሮኝ ካርቶን የሚጭነው ጃማይካዊው ዴልሮይ፣ እናቱ በዚሁ በሽታ ስትሰቃይ ምግብ ያስቀመጠላት ማሪዋና እንደነበር ነገረኝ። ሮጬ መጥቼ ነገርኩህ። አንተ ግን «ተው ኢዮብ» አልከኝ። «የዜግነት አፕሊኬሽንህ ገና አላለቀም። ጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር ሄደህ ስትገዛ ቢይዙህስ? በእኔ ሆድ ምክንያት ሲትዝንሺፕህ ሪጄክት ሲደረግ ማየት አልፈልግም።»

«እንግዲያው አልገዛም፤ አበቅላለሁ» አልኩህ።

«የት?»

«ቁም ሳጥን ውስጥ።»

በዚያ ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅህ። መግዛቱ ወንጀል፣ መዝራቱ ጽድቅ ይመስል! ግን ስቀህ ስለነበር እሺታ ብዬ ወሰድኩት።

ደግሞስ እኔ ማን ነኝ? ከአምቦ እርሻ ኮሌጅ የተመረቅኩ፣ ይርጋለም የችግኝ ጣቢያ ውስጥ አርባ ሺህ የቡና ችግኝ ያፈላሁ ሰውዬ። ሽማግሌ ገበሬዎች ባርኔጣቸውን አውልቀው «እሺ ጌታዬ» እያሉ ይሰሙኝ ነበር። ያ ሰውዬ አንድ ባልዲ አፈር አቃተው። አንተ ከምትተኛበት ክፍል ቁም ሳጥን ውስጥ ካፖርቶቻችንን አውጥቼ ክፍሉ ጥግ ከምሬ ግድግዳውን በፎይል ሸፈንኩት። መብራት ሰቀልኩ፤ አንዲት የምትንተፋተፍ ማራገቢያ አስገባሁ። የመጀመሪያዎቹ ዘሮች ከአፈር ቀና ሳይሉ ቀሩ። ሁለተኛዎቹን እንደ ቡና ችግኝ ማዳበሪያ አጠገብኳቸውና ተቃጠሉ። የካቲት መጨረሻ ላይ ከዘራኋቸው ሁለት ተረፉልኝ። ግንቦት ላይ ደግሞ የአንደኛውን ቅርንጫፍ ለዴልሮይ ባሳየው ግንባሩን ይዞ ሳቀብኝ። ወንድ ነው አለ፤ ለምንም አይጠቅምም፣ ንቀለው። ሦስት ወር ያሳደግኩት! እኔ ወንበሩን በእርግጫ ልል ሲዳዳኝ አንተ ከአልጋህ ሆነህ «እንኳን ደስ ያለህ፣ ወንድ ልጅ ተገላገልክ» አልከኝ።

በዚህ ሁሉ መሃል እትዬ ወለተማርያም በየጠዋቱ ከዘጠነኛ ፎቅ ቤታቸው በሊፍት ወደ እኛ ይወጣሉ። በነጠላቸው ስር ያቺን ሰማያዊ ኩባያ ይዘዋል፤ ጠበል ሞልተው። መጀመሪያ ቀን በቁም ሳጥኑ በር ስር የሚወጣውን ብርሃን አይተው «ምንድን ነው እሱ ልጄ?» ሲሉኝ «ጌሾ ነው እትዬ፣ ልሞክረው ብዬ» አልኳቸው። ከፈት አድርገው አዩና «ጎበዝ» ብለው ዘጉት። ከዚያ ወዲያ አንስተውትም አያውቁ። እኔ ሥራ መግቢያዬ ስለሚደርስ ኩባያውን ለአንተ ሲሰጡህ አይቼ እወጣለሁ። ስመለስ እሳቸው ባዶውን ኩባያ ከሰዓት መጥተው ወስደዋል፤ አንተም ተኝተሃል።

ከዚያ የአፈሩ ነገር መጣ። የቀረችው የወይዘሪት ቅጠሎች ቢጫ መሆን ሲጀምሩ ውሃ በዝቶባት ነው ብዬ ቀነስኩ። አልደረቀም። ጭራሽ አቆምኩ። አምስት ቀን ጠብታ ሳላፈስ አፈሩን ብነካው ጭቃ ነው! ባልዲውን በሳሁ፣ አፈሩን ቀየርኩ፣ ማሞቂያውን ወቀስኩ፣ ሕንጻውን ረገምኩ። ከላይብረሪ መጽሐፍ ተውሼ በዕረፍት ሰዓቴ ከመዝገበ ቃላት ጋር ታገልኩ። ዴልሮይን ከሥራ መልስ ሳይቀር ኮል እያደረግኩ ነዘነዝኩት። ውሃ አታብዛ ይለኛል። አላጠጣሁም እለዋለሁ። ታዲያ ማን አጠጣው ይለኛል።

ያለፈው ማክሰኞም ያንኑ ጥያቄ ይዤ አንተ ላይ መጣሁ። ያልኩትን ሁሉ አስታውሰዋለሁ። «አንድ ነገር ብቻ ነው የለመንኩህ፣ አትንካት! ቀኑን ሙሉ እዚህ ተጋድመህ የምትውለው አንተ ነህ፤ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?» አልኩህ። ተጋድመህ የምትውለው አልኩ። መታጠቢያ ቤት ለመድረስ ግድግዳ ለሚይዝ ሰው። ፊትህን ወደ ግድግዳው አዞርክ። ኩራት መሰለኝና ይበልጥ ተናደድኩ። ሐሙስ ሰውነትህ ውሃ አጥቶ በአምቡላንስ ወሰዱህ።

ቅዳሜ ክፍልህን ላጸዳ ገባሁ። ባልዲውን ስጎትተው ከኋላው ሰማያዊዋ ኩባያ ተቀምጣለች፤ ታጥባ፣ ተደፍታ፣ በወረቀት መሐረብ ተሸፍና። ካፖርቶቹ መሃል ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ባልቻ፣ ለካ ጠበሉ አይወርድልህም ነበር። እትዬ ወለተማርያምን ደግሞ አልችልም ማለት አልሆነልህም። ጠበል እንደ ተራ ውሃ ሲንክ ውስጥ አይደፋም፤ ሽንት ቤትማ አይታሰብም፤ እግር በማይረግጠው አፈር ላይ ነው የሚፈሰው። አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ እግር የማይረግጠው አፈር ያለው የእኔ ባልዲ ብቻ ነው። በየጠዋቱ ግድግዳውን ይዘህ ተነስተህ፣ ያን ሙሉ ኩባያ እንዳይፈስ ተጠንቅቀህ፣ እዚያ ድረስ ሄደሃል። እንድትበላ ብዬ የተከልኩልህን ተክል፣ መዋጥ ባቃተህ ጠበል አሰጠምከው። ምን ብዬ ልቆጣህ? ተቆጥቻለሁ ግን! «እትዬ፣ አይወርድልኝም» ማለት ምን ያህል ቃል ነው? «ኢዮብ፣ እኔ ነኝ» ማለትስ? ማክሰኞ ስጮህብህ እንኳ አክስትህን ከማስቀየም ዝም ብለህ መሰደብን መረጥክ። እንዲህ ዓይነት ጨዋነት ሰው ይገድላል፤ ሊገድልህም ትንሽ ነው የቀረው።

እውነት ከተነጋገርን አይቀር የእኔንም ስማ። ይህን ነው ዛሬ ጠዋት በአየሩ የሸፈንኩት። ዴልሮይ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ጥር ላይ፣ ከእናቱ የተረፈ አንድ ብልቃጥ ማሪዋና አምጥቶልኝ ነበር። በነጻ። ውሰድለት አለኝ። እኔ ደረቴን ነፍቼ አመሰግናለሁ፣ እኔ የእርሻ ሰው ነኝ፣ ራሴ አበቅላለሁ አልኩት። ስለ ወረቀቴ ፈርቼ ነው ብዬ ራሴን ሳታልል ከረምኩ። ፍርሃትስ አልነበረም፤ ቤት ውስጥ ማሪዋና እያበቀልኩ ምን ፍርሃት አለኝ? ከይርጋለም ወዲህ ማንም «እሺ ጌታዬ» ብሎኝ አያውቅም። እዚህ ካርቶን ተሸካሚ ነኝ። አንድ ጊዜ፣ አንተ እያየኸኝ፣ የማውቀውን ነገር ልሠራ ፈለግኩ። አንተ አምስት ወር ስታስመልስ እኔ ምርምር ላይ ነበርኩ። ይቅር በለኝ።

ትናንት ለእትዬ ወለተማርያም ሁሉንም ነገርኳቸው። ኩባያዋን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ፣ ቆሜ። አንስተው አገላብጠው አዩዋት።

«ጌሾ እንዳልሆነማ ያኔውኑ አውቄያለሁ» አሉ። «የጌሾ ቅጠል ጣት የለውም።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም እትዬ?»

«የደበቅኸኝን ነገር ፊት ለፊት እጠይቅሃለሁ? ነውር አይደለም?» ቀጥለውም «ምንድን ነበር?» አሉኝ። ስነግራቸው ሦስት ጊዜ አማተቡ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው «ያበላዋል?» አሉ።

«የዴልሮይን እናት አብልቷታል እትዬ። እሱን እንጃ።»

«እና እስካሁን ምን ትጠብቃለህ?»

ዴልሮይ ብልቃጡ አሁንም ቤቱ እንዳለ ነግሮኛል። ሐሙስ ይዤልህ እመጣለሁ፤ ለሐኪምህም ራሴ እነግራታለሁ፣ የምትለውን ትበለኝ። ዓርብ ይመዝኑሃል። ሃምሳ ኪሎ ተኩል ላይ ነህ፤ ከዚህ በታች ቦታ የለንም። የማመጣልህን ካልፈለግከው ግን አልፈልግም በለኝ፤ ጮክ ብለህ፣ በእንግሊዝኛም ቢሆን። ይዤው እመለሳለሁ፤ አልቀየምህም። ለእኔ ብለህ አንዲት ነገር እንዳትውጥ።

እትዬ ወለተማርያም ደብዳቤው ከመታሸጉ በፊት የእሳቸውም ቃል እንዲገባ አዘውኛል። እንዳሉኝ እጽፈዋለሁ፦ «ጠበሉን እኔ እጠጣለታለሁ በለው። በየጠዋቱ፣ በዚያችው ኩባያ፣ በስሙ። እግዚአብሔር የማን ሆድ እንደሆነ አይጠፋውም። እሱ ብቻ ይብላ።»

ከእንግዲህ የማይጮህብህ
ወንድምህ ኢዮብ