ድመቷን ማን ሣላት?

ጥቅምት 28

ዝናብ። ከቅዳሜው የኮሚክስ ገጽ ስድስት የሥዕል ሳጥኖች አራቱን ጨረስኩ። አምስተኛው ላይ የአቶ ይሁን ጃንጥላ አስቸገረኝ። ይዘርጋው ወይስ ብብቱ ሥር ይያዘው? ግማሽ ቀን ለጃንጥላ። እናቴ «ለመሆኑ ምንድን ነው ሥራሽ?» ስትለኝ መልስ የሚጠፋኝ ለዚህ ነው።

አቶ ይሁንን የፈጠረው ጋሼ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ጋዜጣ ሲያነብ ዋለ። ቀና ይልና «ደረስሽ?» ይለኛል። አልደረስኩም። «አይዞሽ።» ተመልሶ ወደ ጋዜጣው።

እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሞላው። መጀመሪያ ቀጭኑን ብዕር ተወ። ቀጥሎ ወፍራሙን። ቀጥሎ እርሳሱንም። እኔ ደግሞ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ጥቁር ጥቁሩን ስሞላለት የኖርኩ ረዳት፣ ሳላስበው ሁሉንም የምሠራው እኔ ሆኜ ተገኘሁ። ፊርማው ግን የሱ ነው። እሱንም የምፈርመው እኔ ነኝ። ከራሴ ፊርማ ይልቅ የሱ ያምርልኛል። በዚህ ሙያ የታሰሩ ሰዎች አሉ።

ይህን የምናውቀው ሦስት ሰዎች ነን። እሱ፣ እኔና ታናሽ እህቴ። ለእህቴ ምን ሆኜ እንደነገርኳት አላውቅም።

ኅዳር 2

የጋዜጣችን አዘጋጅ ደወለ። የካርቱንና የኮሚክስ በዓል ሊከበር ነው፣ በትልቁ አዳራሽ። ጋሼ የክብር እንግዳ ነው። በመዝጊያው ቀን መድረክ ላይ ይሥላል፤ ሲሥል እጁ በካሜራ እየተነሣ ግድግዳው ላይ በትልቁ ይታያል።

ከሰውነቱ ሁሉ መርጠው እጁን…

ጋሼ ስልኩን ተቀብሎኝ «እሺ» አለ። ዘጋው።

«ጋሼ፣ እንዴት ልትሆን ነው?»

«አቶ ይሁንን ዓይኔን ጨፍኜም እሥለዋለሁ። ሠላሳ ዓመት አብሮኝ የኖረ ሰውዬ ነው። በወፍራም ማርከር አምስት መስመር፣ አለቀ።»

ሞከርነው። እውነትም በወፍራም ማርከር መንቀጥቀጡ ብዙ አይታይም። ሦስት ጊዜ ሣለ፤ ሦስቱም አቶ ይሁን ሆኑ። እንደ ልጅ ደስ አለው።

ይህን የምጽፈው ለራሴ ነውና አልዋሽም። ስልኩ ሲዘጋ መጀመሪያ የመጣብኝ የሱ እጅ አልነበረም። «ስሜን ይጠሩት ይሆን?» ነው ያልኩት። አፈርኩ። ትንሽ ቆየሁና ደግሞ አሰብኩት።

ኅዳር 5

እህቴ ከመድኃኒት ቤት፣ ከሥራዋ ስትወጣ ጎራ አለች። ጫማዋን ሳታወልቅ ጀመረችኝ።

«አንቺን ምን ብለው ሊያስተዋውቁሽ ነው?»

«ምን ይላሉ፣ ረዳት ነዋ።»

«ድመቷንስ?»

ድመቷ… ዓምና ነው። አንድ ቅዳሜ የመጨረሻው ሳጥን ጥጉ ባዶ ሆነብኝና ድመት አስቀመጥኩበት። አቶ ይሁን ለጠየቀው ሁሉ፣ ለጎረቤቱም ለአለቃውም፣ «ይሁን» ሲል እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጣለች። ሥራዋ ይኸው ነው። አንባቢ አበደላት። ስሟንም ራሳቸው አወጡላት፤ «እምቢ» አሏት። አሁን ኩባያ ላይ አለች፣ ቲሸርት ላይ አለች። ጋሼ አንድ ቀን «ይቺ ደግሞ ከየት መጣች?» አለኝ። «ከጥጉ» አልኩት። ሳቀ። አንድም ቀን ሥሏት አያውቅም።

«አፍሽን ከፍተሽ የኔ ናት በያ!» አለች እህቴ።

«ዝም አይነቅዝም።»

«አንቺ ግን ነቅዘሻል።»

መድኃኒት ስትሸጥ ውላ ለኔ መርዙን ታመጣዋለች። ግን ልክ አይደለችም ልበል? አልልም።

ኅዳር 9

መክፈቻው። የአዳራሹ በር ላይ ሁለት ፎቅ የምታህል እምቢ ተሰቅላለች። በሸራ ላይ። ልጆች ጢም ተሥሎላቸው፣ የካርቶን ጆሮ አድርገው ይሯሯጣሉ። ሸራው ላይ የግራ ጆሮዋ ተሳስቷል፣ በጣም ቀጥ ብሏል። ለማን ልናገር? ለዘበኛው ልነግረው ነበር።

እሱ ቀደመኝ። «የጥሪ ካርድ?»

«የለኝም። ግን… እዚህ እሠራለሁ።»

«ምንሽ ነው?»

«ረዳት።»

«የማን?»

የማን እንደሆንኩ ሳስብ ከኋላዬ ያሉት መግፋት ጀመሩ። «ተሰለፊ እናት» አለኝ። አርባ ደቂቃ ተሰልፌ በራሴ ድመት እግር ሥር ገባሁ።

ውስጡ ደስ ይላል፣ መካድ አይቻልም። ወጣቶች ጠረጴዛ ዘርግተው የሠሩትን መጽሔት ያሳያሉ። አንዷ የሳጥን አከፋፈል ስታስረዳኝ «ገብቶዎታል?» አለችኝ። ገብቶኛል አልኳት። ኩራት ተሰማኝ፣ ተማሪ በመምሰሌ።

ኅዳር 11

መስታወት ፊት ትሑት ፊት ተለማመድኩ፣ ስሜ ሲጠራ የማሳየው። የጥርስ ሕመም ይመስላል። አዲሱ ጫማም ተረከዜን ላጠው። ነገ እንግዲህ።

ኅዳር 12

ጫማዬን አውልቄ ነው የምጽፈው።

አዳራሹ ጢም ብሏል። እኔ ፊተኛው ረድፍ፣ ዳር ላይ። ጋሼ ወፍራሙን ማርከር ያዘ። አምስት መስመር። አቶ ይሁን ግድግዳው ላይ ብቅ አለ፣ ከነባርኔጣው። ጭብጨባ። ተነፈስኩ። አሁን ይቀመጣል፣ አለቀ…

ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቦርሳዋን ያቀፈች ሽበታም ሴትዮ ተነሣች። «ምነው እምቢን ተዉዋት? እሷንም ይሣሉልን እንጂ።» ከዚያ አዳራሹ በሙሉ «እምቢ፣ እምቢ» ማለት ጀመረ።

ጋሼ ማርከሩን እንደያዘ ቆመ። ከየት እንደምትጀመር አያውቅም። ከጆሮዋ? ከጭራዋ? ላብ ግንባሩ ላይ አየሁ። ደክሞኛል በል፣ በል፣ በል እያልኩ በሆዴ ለመንኩት።

ማይክሮፎኑን ሳብ አደረገና «እሷን እኔ አልፈጠርኳትም» አለ። «ሥዬአትም አላውቅም። የዚህች ልጅ ሥራ ናት። ሁለት ዓመት ሁሉንም የምትሠራው እሷ ናት። ነይ፣ ውጪ።»

አሥራ ሰባት ዓመት የጠበቅኩት ቀን መጣ ማለት ነው። ወጣሁ። እያነከስኩ፣ በጫማው ምክንያት።

ማርከሩን ይዤ ቀና ስል ግድግዳው ላይ አልጋ የሚያህል እጅ አየሁ። ጥፍሩ የተበላ። የማን አሳፋሪ እጅ ነው ብዬ ነበር። የኔ ነው። መንቀጥቀጥ ጀመረ። በየሳምንቱ የምሥላትን ድመት… ጆሮዋ ሽንኩርት ሆነ። ጀርባዋ ጆንያ። ጭራዋን ላስተካክል ስል አምስተኛ እግር አወጣች። «ፍየል ናት?» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቅ።

ሽበታሟ ሴትዮ አዘነችልኝ። «አይዞሽ ልጄ፣ እሳቸውን እያየሽ ትለምጃለሽ።»

መድረክ መሪው ማይክሮፎኑን ነጠቀ። «ትልቅ ሰው ማለት እንዲህ ነው! የገዛ ሥራቸውን ለረዳታቸው ሲሰጡ ዓይናችሁ አየ!» ሰው በሙሉ ተነሥቶ አጨበጨበ። ጋሼ «እውነቴን ነው» አለ። ጭብጨባው ባሰ። «እውነቴን ነው እኮ የምላችሁ።» የሚያለቅሱ ነበሩ።

ስሜ አልተጠራም። ትሑቱ ፊቴ ግን ሳልጠራው መጣ።

ኅዳር 13

ከአልጋ አልወጣሁም። እህቴ ደወለች፣ ሳቀችብኝ፣ ዘጋሁባት። መልሼ ደወልኩ። አብረን ሳቅን። ከዘጋሁ በኋላ አለቀስኩ፤ ይህን አልነገርኳትም።

ኅዳር 14

ሥራ ገባሁ። ጋሼ ቀድሞኝ ገብቷል። ጋዜጣ የለም እጁ ላይ።

ለአዘጋጁም ነግሮት ነበር። አዘጋጁ ሳቀ። «ጋሼ፣ እኔንም ልታስለቅሰኝ ነው?» አለው።

«እውነት ተናግሬ ማንም አላመነኝ» አለኝ። «ከሁለት ዓመት በፊት ብናገር ኖሮ ያምኑኝ ነበር። ፈራሁ። እጄ ሲሄድ እኔም አብሬው የምሄድ መሰለኝ።»

«ምንም አይደል ጋሼ» አልኩ። ለአሥራ ሰባት ዓመት ለሁሉም ነገር ያልኩት ነው። ከዚያ አፌ ራሱ ቀጠለ። «አይደለም፣ ምንም ነው። ከፍቶኛል። በጣም ነው የከፋኝ።»

ወንበሩን ወደኔ ዞር አደረገ።

«ልክ ነሽ» አለ።

ይቅርታ አላለም። ግን ሻይ ራሱ ተነሥቶ ቀዳልኝ፤ ግማሹ ሳህኑ ላይ ፈሰሰ። ጠጣሁት።

ኅዳር 18

የቅዳሜውን ገጽ ከምሳ በፊት ጨረስኩ። ስድስቱም ሳጥን ውስጥ እምቢ አለች። አንድም መስመር አልተሳሳተብኝም፣ ማንም ስለማያየኝ መሆኑ ነው።

የሱን ፊርማ ልፈርም ቀጭኑን ብዕር አነሣሁ። ከእጄ ወሰደው።

«ተይ። ዛሬ እኔ።»

«ጋሼ፣ በቀጭኑ ይከብድሃል። ማርከሩን ላምጣ?»

ጎንበስ ብሎ ጻፈ። አንድ ፊደል፣ እረፍት። ሌላ ፊደል፣ እረፍት። አንድ ሳጥን ሥዬ የምጨርስበትን ጊዜ ፈጀ። ጨርሶ ገፋ አደረገልኝ። የሱን ስም ፈለግኩ። የለም። የኔ ስም ነው፣ የኔ ብቻ፣ እያንዳንዱ ፊደል ወዲያና ወዲህ አዘንብሎ። እንዳለ አንሥቼ ለአዘጋጁ ላክሁት።

ከሰዓት በኋላ አዘጋጁ ደወለ።

«ገጹን ለአንቺ እንደተወልሽ ጋሼ ነግሮኛል፤ ደግ ሰው ነው መቼስ። ሥዕሉ ቆንጆ ነው። ስምሽ ግን ምን ሆኖ ነው? እጅሽ ከመድረኩ ወዲህ አልረጋም እንዴ? ባክሽ እንደገና ጻፊና ላኪልኝ።»

ጋሼ መስኮቱ ሥር ቆሟል። ጀርባውን ሰጥቶኛል፤ ግን ይሰማል።

«እጄ እንደዚያ ነው» አልኩት። «እንዳለ ይውጣ።»