የአባትሽ አውራ ጣት

ኅዳር 9 ቀን

ለምላሴ፣ ለልጄ ልጅ፤

እንዴት ነሽልኝ እናቴ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ እንደ ልማዱ ያኮርፋል። ይሄን የምታደርስልሽ ካሜራ የምታነሳልሽ ልጅ ናት። ስልካችን ሌላ ጆሮ አብቅሏል፣ አላወራበትም።

በቴሌቪዥን ሚኒስትሩን ስታፋጥጪ "ምላሷ የኔ ነው!" እያልኩ ጎረቤት አስቸግር ነበር። የሚነድ ታንክ ፊት ቆመሽ ስታወሪ ግን "ወግጂ ከዚያ፣ አንቺ ደረቅ!" ብዬ ጫማዬን ወርውሬብሻለሁ።

ያ የመጨረሻው ዜናሽ፣ ገበያ ላይ ሰው የፈጁት ሽፍቶች ሳይሆኑ የሽፍታ ልብስ ያሰፉ ደህንነቶች ናቸው ያልሽበት፣ እሱን ሰፈሩ ሁሉ አየው። የሰፋላቸውን ሰውዬ ፊቱን ሸፈንሽ፣ ድምፁንም ጉድጓድ ከተትሽው። እጁን ግን ተውሽው። አባትሽ ሲያወራ ጨርቅ እንደሚመርጥ አውራ ጣቱን ከሌባ ጣቱ ጋር ያሻል። አንቺ እያየሽው ስላደግሽ አላየሽውም። ጎረቤቴ ግን "እንዴ! ይሄማ ሱሪዬን ያሳጠረልኝ እጅ ነው!" አለች፣ በዚያ ጉሮሮዋ።

በማግስቱ ደህንነቶቹ በጠራራ ፀሐይ መጡ። በሩን በእርግጫ ከፈቱት።

"ልጅህ የት ነው የተደበቀችው?"

"ቴሌቪዥን ውስጥ" አላቸው ልጄ።

አፉን በሰደፍ አሉት። ጥርሱ ጨርቁ ላይ ተበተነ። ከዚያ ያን አውራ ጣት ስፌት መኪናው ስር አስገብተው፣ ፔዳሉን እየረገጡ ሰፉት። ጮኸ እንጂ ያለሽበትን አልተናገረም። እኔ የጋለውን ካውያ አንስቼ የአንዱን ጉንጭ እንደ ኮሌታ ተኮስኩት። እኔን ግድግዳ ላይ ወረወሩኝ፣ እሱን ጭንቅላቱን ደጋግመው በሰደፍ መቱት።

አሁን ጋደም ብሏል፣ ምንም አያመውም። ጣቶቹን እኔው በለብ ያለ ውሃ አጥቤ ደረቱ ላይ አቀናኋቸው። ለሰርግሽ ብሎ የሰፋውን ጥቁር ሱፍ አልብሰነዋል። እንዴት ልክ ሆነለት መሰለሽ! ቤቱ ጠያቂ ሞልቶት ወንበር ከጎረቤት ተዋስን። በሩ አጠገብ ጉንጩ ላይ ፕላስተር የለጠፈ ሰውዬ ተቀምጧል።

"እማማ፣ ልጅቷ መቼ ትደርሳለች?" ይለኛል።

"አባቷ ተሽሎታል፤ ምን ልትሠራ ትመጣለች?" አልኩት።

ሌላ ወሬ ማንም ቢነግርሽ እንዳታምኚ። እኔ ተሽሎታል ካልኩ ተሽሎታል። እንዳትመጪ፣ ሰማሽኝ? ሥራሽንም እንዳትተዪ፤ ከእንግዲህ ግን የምታናግሪውን ሰው እጁን ኪሱ አስከትቺው።

ጥይት ይሳትሽ፣ ክፉ ዓይን አይይሽ፣ ምላስሽን አይሰርብሽ፣ ያንቺን ክፉ እኔ አልስማ።

አያትሽ

አባትሽ ሰላም ብሎሻል። ራሱ ያልጻፈልሽ በጣቱ ምክንያት ነው።