አባ የአሸናፊን ስም ሲጠሩ

ልጄ ብሩክታዊት፣ እመቤታችን በሄድሽበት ሁሉ ትቅደምልሽ። ይሄን ያለችው እማዬ ናት፤ የምጽፈው እኔ ወንድምሽ አበጋዝ ነኝ። አሰሪሽ ስልክሽን ስለቀማችሽ፣ ደብዳቤውን ቤሩት በምትመጣው በባለሱቁ ልጅ በረይሐና እጅ ልከነዋል።

ኩልፎ ወንዝ ዳር ያለው ሙዛችን ደርሷል። ከመዘምራኑ ደግሞ ከበሮ እንደኔ የሚመታ የለም፤ አርባ ምንጭ ይመስክር!

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አባ የሚጋቡትን ሰዎች ስም አነበቡ። እጮኛሽ አሸናፊ ከጓደኛሽ ከሚስጥር ጋር!

“የሚቃወም አለ?” ሲሉ እማዬ ብድግ አለች። “የልጄ እጮኛ ነው!”

“ቀለበት አስሮላታል?” አሏት አባ። እማዬ ተመልሳ ተቀመጠች።

አሸናፊ ሳቀባት። “እትዬ፣ ልጅሽ የሰው ሽንት ቤት እያጠበች እስክታረጅ ልጠብቃት?” ሕዝቡም አብሮት ሳቀ።

ጥርሱን ላረግፍለት ነበር፤ ግን ሙሽሮቹ ለሰርጋችን ከበሮ ምታልን ብለው ለመኑኝ። ከኔ ሌላ ማን አላቸው? እሺ አልኩ።

እማዬ አሁን ቅዳሴ የምትሰማው ከበር ውጭ ቆማ ነው። አምላክ የአሰሪሽን ልብ ያራራልሽ ትላለች። አንድ ነገር ብቻ ትለምንሻለች፤ እዛ ያሉት የአገር ልጆች ስለ አሸናፊ ከጠየቁሽ፣ “እኔ ነኝ የተውኩት” በያቸው።