የሚጉ የፊት እግር

እኔ ሻምበል ባሻ ዓለምነው ሽባባው፣ የእንጅባራ ከተማ ነዋሪ፣ ዕድሜዬ ሰባ ስምንት ዓመት፣ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን 2009 ዓ.ም. ትራስ ተደግፌ ይህን ቃል ስሰጥ የታመመው ሳንባዬ እንጂ አእምሮዬ አይደለም። የሚጠራጠር ካለ የኤፍ ፋይቭ ተዋጊ አውሮፕላን ሞተር እንዴት እንደሚወርድ ይጠይቀኝ፤ ብሎን በብሎን እነግረዋለሁ።

ጸሐፊዬ በፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ሲጽፍ የኖረው አቶ አሳምነው ነው። እኔ የምለውን ብቻ ሳይሆን በዚህ ክፍል የሚባለውን ሁሉ እንዲጽፍ አዝዤዋለሁ። ከሞትኩ በኋላ ነገር የሚያጣምም ሰው አውቃለሁና። ያ ሰው ከፊቴ ተቀምጦ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ ያሽከረክራል።

ምስክሮቼ የንስሐ አባቴ ቄስ ይሄነው፣ የፎቶ ቤቱ ባለቤት አቶ ጠሃ ሙእሚን፣ ጎረቤቴ ወይዘሮ ወርቅአየሁ እና ከዳንግላ ያስጠራሁት ሃምሳ አለቃ ውብአየሁ ናቸው። ውብአየሁን ያስጠራሁት ስለናፈቀኝ አይደለም። የኑዛዜ ምስክር የሆነ ሰው ከዚያው ኑዛዜ እንደማይወርስ አሳምነው ስለነገረኝ ነው። አንዴ ከፈረመ በእጄ በሠራኋት ትንሿ ኤፍ ፋይቬ ላይ እጁን አያሳርፍም።

«ለዚህ ነው በሚኒባስ ያንገላታኸኝ?» አለ ውብአየሁ።

ለዚህ ነው። ጻፈው አሳምነው።

የምኖርበት ቤት ከነጓሮው ለባለቤቴ ለስሜነሽ ይሁን። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የቆርቆሮ ቁራጭ ከእግሯ ስትነቅል ኖራለች፤ ቤቱ ካሳ እንጂ ስጦታ አይደለም።

በዘንገና በኩል ያለው የቀርከሃ ቦታ ለልጄ ለእናትነሽ ይሁን። ብትሸጥም ሰባቱን የዳር ቀርከሃዎች እንዳታስነካ። ሦስት ዓመት የሞላው ቀርከሃ ለክንፍ አጥንት የሚሆን ቀጥ ያለ ስንጣቂ ይወጣዋል። አጥር ካደረገችው አልምራትም።

ጉጠቶቼ፣ መርፌዎቼና መጋዜ ለልጅ ልጄ ለዮርዳኖስ ይሁኑ። ሳላስፈቅዳት የጨረስኩባት አራት ብልቃጥ የጥፍር ቀለምም ይተካላት። ብርማው ለክንፍ፣ ቀዩ ለማስጠንቀቂያ መስመር ገብቷል። ሌባ ቤት ገባ እያለች ስታለቅስ አብሬያት ፈልጌአለሁ።

አሁን ወደ ኤፍ ፋይቯ እመጣለሁ። ቁመቷ ክንድ ተኩል ነው፤ አጥንቷ ቀርከሃ፣ ቆዳዋ የዘይት ቆርቆሮ። ብሎኖቿን በመርፌ ከውስጥ በኩል እየወጋሁ አንድ በአንድ አበቀልኳቸው። የአብራሪው መስታወት በእሳት ያለሰለስኩት የሃይላንድ ጠርሙስ ነው። በመድፏ አፍ ላይ ያለው ጥላሸት የአዲስ ቅዳም ከሰል ነው፤ አልሜ ነፍቼ፣ በጣቴ ነው የቀባሁት። አሥራ ሁለት ዓመት ፈጀችብኝ። አቶ ጠሃ ፎቶ ቤቱ ወስዶ አበባ ከተሳለበት መጋረጃ ፊት አነሣት፤ የልደት ኬክ መሰለች።

«ብርሃኑ ነው እንጂ እኔ ምን አደረግሁ፣ ባሻ?» አለ ጠሃ።

ይቅር ብዬሃለሁ ጠሃ። ይቅር ያላልኩት ሌላ ሰው ነው።

በ1970 ዓ.ም. በደብረ ዘይት አየር ኃይል አንድ ጋራዥ ውስጥ ነበርን። እኔ የኤፍ ፋይቭ መካኒክ፣ ውብአየሁ የእኔ ረዳት። ሚግ የሚባለው የሶቭየት ተዋጊ አውሮፕላን ሲመጣ እዚያ ሄዶ እንዲማር የተላከው እርሱ ነው፤ እኔ ጓዙን አውቶቡስ ላይ ጫንኩለት። ቤታችን ከተመለስን በኋላ በ1990 የመጀመሪያዋን ትንሽ አውሮፕላን ስሠራ ሰፈሩ «ሻምበል ባሻ ልጅ ሆኑ» አለኝ። እርሱ ዐሥር ዓመት ቆይቶ ሲጀምር ጥበብ ተባለለት። በ2005 በእጁ የሠራውን ትንሽ ሚግ ይዞ ዘንገና ሐይቅ ዳር ሄደ። ከድንጋይ ላይ አስቀምጦ፣ በሆዱ ተኝቶ፣ ካሜራውን ከመሬት አስጠግቶ አነሣው። ማዶ ያለው ደን ከጎማው ሥር ገባ። ጠሃ ፎቶውን በመስኮቱ ሰቀለው፤ አንድ የጫግኒ ነጋዴ «ይሄ ነገር መቼ ነው እዚህ ያረፈው?» ብሎ ጠየቀ።

ይህንንም እችለው ነበር። ነገር ግን ስሜነሽ ገበያ ስትወርድ ከመስኮቱ ፊት ቆመችና፣ «ይሄስ ነፍስ አለው» አለች። ለእኔ የዐሥራ አምስት ዓመት ሥራ ግን «ከጠረጴዛው ላይ አንሣልኝ» ከማለት በቀር ምንም ብላ አታውቅም።

በ2006 በከተማው የእጅ ሥራ ትርኢት ሁለታችንም ቀረብን። ውብአየሁ «ያዝልኝ፣ ውሃ ጠጥቼ ልምጣ» ብሎ ሚጉን ሰጠኝ። ያዝኩለት። ስይዝለት የፊት እግሩን ቆርጬ ኪሴ ከተትኩ። እንግዶቹ ሲመጡ እርሱ ተመልሶ ጠረጴዛ ላይ ቢያስቀምጠው ሚጉ በአፍንጫው ተደፋ። ሰው ሳቀ፤ ቀድሜ የሳቅሁት እኔ ነኝ። እርሱ ግን መዳፉን አይቶ፣ «እጄ ከዳኝ፣ ሳላጠብቀው መጥቼ ነው» አለ። ሽልማቱን እኔ ወሰድኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ውብአየሁ ጉጠት አንሥቶ አያውቅም።

እግሩ ይኸው፤ በመድኃኒት ሣጥኔ ውስጥ ነበር።

እዚህ ላይ አሳምነው ብዕሩን አቆመ። ጻፍ አልኩት። ውብአየሁ ተነሥቶ እግሪቱን ተቀበለኝ። ከጥላ ዘንግ የሠራት፣ ጎማዋ የመርፌ ብልቃጥ ክዳን የሆነች፣ ከክብሪት እንጨት የማትበልጥ ነገር ናት። ወደ መስኮቱ ወስዶ ብዙ ጊዜ አያት።

«ሽቦው አልላላም» አለ። «የተቆረጠ ነው። አጥብቄው ነበር ማለት ነው።»

«አጥብቀኸው ነበር» አልኩት።

«ሦስት ዓመት ይህን እጅ ስረግመው ኖርኩ እኮ! በምንድን ነው የቆረጥከው?»

«በጥፍር መቁረጫ።»

«ወይ የኤፍ ፋይቭ ሰው! የረባ መቁረጫ እንኳ የላችሁ!»

ስሜነሽ ከበሩ ላይ፣ «ለዚያ ሽልማት ነው ዶሮ ያሠራኸኝ?» አለች። ቄስ ይሄነው አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ውብአየሁ ግን አልሳቀም። ቀኝ እጁን ዘርግቶ ጣቶቹን አንድ በአንድ ያጥፍና ይዘረጋ ነበር፤ ከጉዞ የተመለሰ ዘመድ እንደሚያይ ሰው። ይህን አይቼ ነው የሚከተለውን ያልኩት፤ ማንም አላስገደደኝም።

ውብአየሁን ከምስክርነት ሰርዘው።

«ሻምበል ባሻ፣ ወረቀቱ እስካሁን ስርዝ የለበትም» አለኝ አሳምነው።

ሰርዘው አልኩህ። ኤፍ ፋይቯን ለእርሱ ተናዝዣለሁ። አሥራ ሁለት ዓመቴን እንደ ኬክ ሳይሆን እንደ አውሮፕላን አድርጎ ሊያነሣት የሚችል ዐይን ያለው እርሱ ብቻ ነው። ይህን መናገር ከሳሉ በላይ አሞኛል፤ ስለዚህ ሁለት ጊዜ አልደግመውም።

ግዴታው እንዲህ ነው። መጀመሪያ የሚጉን እግር ይጠግን። ከዚያ ሁለቱንም ዘንገና ወስዶ በአንድ ፎቶ ያንሣ፤ ኤፍ ፋይቯ ከፊት፣ ሚጉ ከኋላ። ፎቶው በጠሃ መስኮት ይሰቀል። ስሜነሽም ከፊቱ ትቁም፤ ያለችውን ቃል ሳይጨምርም ሳይቀንስም መቃብሬ ድረስ መጥቶ ይንገረኝ።

«አሁን ልንገርህ እንጂ» አለች ስሜነሽ። «ሁልጊዜ ሸፍነሃት፤ መቼ አሳየኸኝና?»

አሁን አትንገሪኝ። ፎቶውን እይ።

በውብአየሁ ምትክ ወይዘሮ ደጊቱ ከጎረቤት ተጠርታ ኑዛዜው ከመጀመሪያው ተነብቦላታል። ሁለት ቦታ ላይ ስቃለች፤ የት የት እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ተናዛዥ፦ ሻምበል ባሻ ዓለምነው ሽባባው፣ ፊርማ

ምስክሮች፦
ቄስ ይሄነው፣ ፊርማ
አቶ ጠሃ ሙእሚን፣ ፊርማ
ወይዘሮ ወርቅአየሁ፣ የጣት አሻራ
ሃምሳ አለቃ ውብአየሁ፣ ተሰርዟል
ወይዘሮ ደጊቱ፣ የጣት አሻራ

ጸሐፊ፦ አሳምነው፣ ፊርማ

በግርጌው በውብአየሁ እጅ የተጻፈ፦ ስጦታውን ተቀብያለሁ። ሚጉ ግን ከፊት ይቆማል።

ከዚያ በታች በተናዛዡ እጅ፦ አይቆምም።