ደም ብዛትን «ብዛት» ብለው ስም ላወጡልን ክቡር

ለክቡር የበሽታ ስም አውጪ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስላወጡልን ስም ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ የቢሮዎ ሠራተኞችም በሙሉ ጤና እንድትሰነብቱ፣ ደማችሁም እንዳይበዛ፣ እንዳያንስም ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከመገናኛ ወደ ገርጂ በሚወስደው መንገድ ዳር አነስተኛ ሱቅ ያለኝ አብዱልገኒ ይማም የተባልኩ ነጋዴ ስሆን፣ አድራሻዎን ባለማወቄ ይህን ደብዳቤ በግልጽ ለመጻፍ መገደዴን በትሕትና እገልጻለሁ። አድራሻዎን ሳልፈልግ የቀረሁ እንዳይመስልዎ፤ ጤና ጣቢያ ሄጄ ለበሽታ ስም የሚያወጣው ማን እንደሆነ ብጠይቅ ወደ ወረዳ መሩኝ፤ ወረዳ ስደርስ ጉዳዩ የበላይ አካልን የሚመለከት ነው ተባልኩ፤ የበላይ አካል ዘንድ ደግሞ አንድ ጨዋ ሰው ወንበር ስበው ካስቀመጡኝ በኋላ ስሙ ድሮም እንዲሁ እንደነበረ፣ እርሳቸውም ሲቀጠሩ እዚያው እንዳገኙት አስረዱኝ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ሲባል ሰምቼ ነው ያደግኩት። መልአክ ይህን ያህል ይሳሳታል ብዬ ለማመን ስላልደፈርኩ፣ ነገሩ የሰው እጅ አለበት ብዬ ለእርስዎ ጻፍኩ።

እውነቱን ለመናገር ብዕር ያነሣሁት እርስዎን ለማመስገን አልነበረም። ታላቅ እህቴ ዘኪያ ከታመመች ወዲህ ቀኝ እጇ አይታዘዝላትም፤ አፏም ወደ አንድ ወገን ሄዷል። የሰፈሩ ሰው ይህን ያመጣባት ጤና ጣቢያው ነው ብሎ፣ በተለይም ሲስተር ወርቄ የተባሉት ነርስ ከሥራቸው እንዲነሡ አቤቱታ እንድጽፍ ወክሎኛል። ጽሑፉ ከሲስተር ወርቄ ተነሥቶ እንዴት እርስዎ ዘንድ እንደደረሰ ከዚህ በታች በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ በአገራችን «ይብዛ» የምርቃት ቃል መሆኑን ክቡርነትዎ አያጡትም። ከብት ይብዛ፣ ዘር ይብዛ፣ በረከት ይብዛ ተብለን ነው የኖርነው። በመሆኑም ዘኪያ ደምሽ በዝቷል በተባለች ዕለት ሱቄ መጥታ፣ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጣ ነገሩን ስትነግረኝ ፊቷ ላይ ያየሁት ድንጋጤ ብቻ አልነበረም፤ ትንሽ ኩራትም ነበረበት። እኛ ከባቲ ስንመጣ አንድም የተትረፈረፈ ነገር ይዘን ስላልመጣን፣ ደም እንኳ ቢሆን ከበቂ በላይ አላችሁ መባል ለጆሮ ደስ ይላል። ጎረቤታችን ወይዘሮ የሺመቤት በዚያው ሰሞን ደም ማነስ አለብዎት ተብለው ስለነበር፣ እናንተ ቤት ሲተርፍ እኛ ቤት የሚጎድለው ምን ሠርተን ነው፣ ምናለ ብታካፍሉን እያሉ ሲያስቁን ሰነበቱ። ሰፈሩም በሽታውን የጥጋብ በሽታ ብሎ አጸደቀው። ለዚህ ሁሉ ጨዋታ ምንጩ እርስዎ ነዎትና ምስጋናችን ይድረስዎ።

፪ኛ፦ በዝቷል የተባለ ነገር ሞልቶ ሲፈስ ይታያል ብለን ጠበቅን። ነስር ጠበቅን፣ የዓይን መቅላት ጠበቅን፤ ምንም አልመጣም። ይህ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ አንድም ምልክት ሳያሳይ ሰው ውስጥ ለዓመታት ተደላድሎ እንደሚቀመጥ፣ መኖሩም ክንድ ላይ በሚጠመጠመው መለኪያ ካልሆነ በቀር እንደማይታወቅ ስሙ ውስጥ ፍንጭ እንኳ አላስቀመጡልንም። አልፎ አልፎ ዘኪያን ማጅራቷን ሲይዛት ብርድ ነው አልን፤ ሲያዞራትም ያው ብርድ ነው አልን። በዚህ አጋጣሚ ብርድ የተባሉትን ባልደረባዎን ሳላመሰግን አላልፍም፤ ወገብ የሚይዙት፣ ጥርስ የሚነዘንዙት፣ ሆድ የሚነፉት፣ ጉልበት የሚቆረጥሙት እርሳቸው ብቻ ሲሆኑ፣ ቢሮም ደመወዝም ሳይኖራቸው በሰፈራችን ከማንኛውም ሐኪም ይልቅ እሳቸው ይታመናሉ።

፫ኛ፦ ስለ መድኃኒቱ የማቀርበው ቅሬታ አጭር ነው። ሲስተር ወርቄ ጨው እንድትቀንስ፣ ኪኒኑንም በየቀኑ እንድትውጥ፣ ደህና ነኝ ብላ እንዳታቋርጥ ለዘኪያ ነግረዋታል፤ ዘኪያም ሳታጓድል ትውጥ ነበር፤ ወንድሟ ጨው እየሸጠ እርሷ አልጫ ስትበላ አንድም ቀን ስታማርር አልሰማሁም። ይሁን እንጂ እኛ የምናውቀው መድኃኒት ወባ ሲለቅ፣ ታይፎይድ ሲሻል የሚቆመውን ስለሆነ፣ ይህኛው የዕድሜ ልክ ጓደኛ መሆኑን ማናችንም ልብ አላልንም። በዝቷል የተባለ ነገር አንድ ቀን መቀነሱ አይቀርም ብለን ቀኑን እንጠብቅ ነበር።

፬ኛ፦ ቀኑ መጣ። ይህን ቁጥር ለመጻፍ ወረቀት ስቀድድ ነው የሰነበትኩት።

ክቡርነትዎ «ደም ብዛት» የሚለውን ስም ካወጡ በኋላ በልግስናዎ «ደም ማነስ» የሚል ሁለተኛ ስም ጨምረውልናል። ሁለቱን ጎን ለጎን የሰማ ሰው የአንድ ሚዛን ሁለት ሳህን ናቸው ብሎ ቢያስብ ይፈረድበታል? እኔ ደግሞ በሚዛን የማድር ሰው ነኝ። ዘኪያ ድካም ሲበዛባት ጤና ጣቢያ ሄዳ፣ ተመርምራ፣ ደም ማነስ አለብሽ ተብላ፣ ደም የሚተካ የተባለ ኪኒን ይዛ ወደ ሱቄ መጣች። ያንኑ ሳጥን ስባ ተቀመጠችና የድሮውን ኪኒን ምን ላድርገው ስትል ጠየቀችኝ። ለምን እኔን እንደምትጠይቅ ልንገርዎ። በእናት አባታችን ቤት ፊደል የቆጠርኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ልቆጥር የቻልኩትም እርሷ ቤት ቀርታ የእኔንም የራሷንም ሥራ ስለሠራች ነው። ከዚያ ወዲህ ማናቸውም ወረቀት፣ ማናቸውም የሐኪም ቃል መጀመሪያ እኔ ዘንድ ይቀርባል። የምትጠራኝም ሐኪሜ እያለች ነው።

ሐኪሟም ሚዛኑን አየት አድርጎ መቀነስ ሠራ። እታለም፣ ደምሽ በዝቶ ነበር፤ አሁን አንሷል፤ እንግዲህ ብዛቱ ለቆሻል፣ አልሐምዱሊላህ አልኳት። የሚቀንሰውንና የሚተካውን አብረሽ ብትውጪ በርሜል ከላይ እየሞሉ ከታች ቧንቧ መክፈት ነው አልኳት። ከት ብላ ሳቀች፤ እኔም በምሳሌዬ ኮራሁ። አንድ ጊዜ ጤና ጣቢያ ተመልሰሽ ጠይቂ ማለት ይቻል ነበር፤ ጤና ጣቢያው ከሱቄ በር ላይ ሆነው ቢጣሩ የሚሰማ ቅርብ ነው። ያን አላልኳትም። እንኳን ደስ አለሽ ብዬ በጋዜጣ ጨው ጠቅልዬ በገዛ እጄ ሰጠኋት። ይህን የጨው ነገር ከእርሷና ከእኔ በቀር እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ያሉት አባቶቻችን ሱቄን ሳያዩ እንዴት እንዳወቁኝ ይገርመኛል።

፭ኛ፦ ክረምቱ እንደወጣ አንድ ቀን ጠዋት የዘኪያ አፍ ተጣመመ፤ የያዘችው ጆግ ከቀኝ እጇ ወደቀ፤ ልትናገር ስትሞክርም ቃሉ ተኮላተፈባት። ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ በአንድ ድምፅ ብርድ መታት አለ። በሩን ዘጋን፤ ብርድ ልብስ ደራረብንባት፤ ዳማከሴ ጨምቀን አሸተትናት። እኔም ቅቤ አቅልጬ ጉንጯን ሳሽ ቆየሁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለውን በዚያች ሰዓት አስታወስኩት፤ የማሸው የእርሷን አፍ ሲሆን፣ ወለም ያለው ግን የእኔ አፍ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው አፉ ሲጣመም፣ እጁ ሲዝል፣ ንግግሩ ሲኮላተፍ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል መሄድ እንዳለበት ማወቅ ይገባን ነበር፤ እኛ ግን ብርድን ስናባርር ረፈደ። ልጇ ሃይደር መገናኛና ቦሌ መካከል ሚኒባስ የሚነዳ ሲሆን፣ ምሳ ሊበላ ሲመጣ አይቷት ተሳፋሪ አስወርዶ ሆስፒታል አደረሳት።

እዚያ ዶክተር አስመረት የተባሉ ሐኪም፣ ጭንቅላቷ ውስጥ የደም ሥር መጎዳቱን ከነገሩን በኋላ እርስዎ ሊነግሩን ይገባ የነበረውን ነገር ነገሩን። ደም ብዛት ማለት ደም መብዛት አይደለም አሉ። ደሙ በሥሮቹ ውስጥ ሲያልፍ ሥሮቹን ከልክ በላይ የሚገፋበት ኃይል ነው፤ ትክክለኛ ስሙም የደም ግፊት ነው። ደም ማነስ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነው፤ ደሙ ለሰውነት የሚያስፈልገውን በአግባቡ የሚያደርስበት አቅም ሲያጣ የሚመጣ ነው፤ ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ በአንድ ጊዜ ሊገኙ ይችላሉ። ክቡር ሆይ፣ «ግፊት» የሚለው ቃል ለካ ቢሮዎ ውስጥ ነበረ! እኛ የመገናኛ ሰዎች ግፊያ ምን እንደሆነ የሚያስተምረን ባልፈለግን ነበር። ማታ ማታ የታክሲ በር ላይ የሚገፋፋን የሰው ብዛት ብቻ እንዳልሆነ፣ በሩ ከጠበበ ጥቂት ሰዎችም ጎን እንደሚሰብሩ እናውቃለን። ግፊት ቢሉን ኖሮ እኔም መቀነስ አልሠራም ነበር። እንዲህ ስል ጥፋቴን ወደ እርስዎ እያሻገርኩ መሆኑን አላጣሁትም፤ ማሻገር ለምዶብኛል።

ምክንያቱም ዶክተሯ መድኃኒቷን ማን አስቆማት ብለው ሲጠይቁ ሃይደር ጤና ጣቢያዎቹ ናቸው ብሎ መለሰ፤ እኔም አጠገቡ ቆሜ ጫማዬን አየሁ።

፮ኛ፦ ያቺ አንድ ዝምታ ሰፈር አዳረሰች። ለቅሶ ቤት ተወራች፤ ሚኒባስ ውስጥ ተወራች፤ ሲስተር ወርቄ ታማሚ ገዳይ ተባሉ። ሃይደር አጎቴ አንተ ጻፍ፣ እኛ እንፈርማለን አለኝ፤ የእርሷን ልጅ እምቢ የምልበት ምን አፍ አለኝ? ወረቀት ይዤ ስቀመጥ ሲስተር ወርቄ በሱቄ በር አለፉ። የሚወራባቸውን ሰምተው እንኳ ቆም ብለው ዘኪያ እንዴት አደረች አሉኝ፤ እጇ እንዳይደርቅ ጣቶቿን እንዴት እያፍታታን እንደምናንቀሳቅስላትም በራሴ እጅ ላይ አሳዩኝ። እጄን ሲይዙት አፈርኩ፤ ይህ እጅ ጨው የጠቀለለው እጅ ነው ማለት አቃተኝ። ስኳር ልግዛ ቢሉኝ ኖሮ ሚዛኑን ማየት የምችል አይመስለኝም።

ስለዚህ በዚህ ግልጽ ደብዳቤ፣ ለሰፈሬ ሰው፣ ለእህቴ ልጅ ለሃይደርና ለሚመለከተው ሁሉ የማረጋግጠው፣ የዘኪያን መድኃኒት ያስቆምኩት እኔ አብዱልገኒ ይማም እንጂ ሲስተር ወርቄ አለመሆናቸውን ነው። እርሳቸው አታቋርጪ ብለዋል፤ አቋርጪ ያልኩት እኔ ነኝ። ከሥራው መነሣት ያለበት ሰው ካለ፣ ከሐኪምነት ሥራዬ ዛሬ በፈቃዴ ተነሥቻለሁ።

ከክቡርነትዎ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ስም የማውጣት ጸጋ ስላለዎት ለእኔም በሽታ ስም ቢያወጡልኝ ባልጠላሁ፤ ጊዜ ከሌለዎት ግን ራሴ ሞክሬዋለሁ። የአፍ ብዛትና የእውቀት ማነስ ብዬዋለሁ። እነዚህም ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ በአንድ ጊዜ ሊገኙ ይችላሉ።

ቢሮዎ የትም ይሁን የት፣ ወንበርዎ ሳይነቃነቅ፣ ያወጡት ስም ወደ ገዛ ቤትዎ ሳይመጣብዎ ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ እየተመኘሁ፣ ላደረጉልን ሁሉ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ከማይጠፋ አክብሮት ጋር፣
አብዱልገኒ ይማም
ባለ ሱቅ፣ የቀድሞ ሐኪም
መገናኛ፣ ጥቅምት ፲፱፻፹፱ ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለሲስተር ወርቄ፣ ከይቅርታ ጋር
ለክቡር ብርድ፣ ባሉበት

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለዘኪያ አነበብኩላት፤ ወረቀት ሁሉ የማነብላት እኔ ነኝና። ሃይደር አራተኛው ቁጥር ላይ ስደርስ ተነሥቶ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ አላናገረኝም። እርሷ ግን እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ስጨርስ በማይታዘዝላት አፏ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ አልሰማ ብሎኝ ሁለት ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። ያለችው «እሺ ሐኪሜ፣ አሁንስ በዝቷል ወይስ አንሷል?» ነው። ክቡር ሆይ፣ እህቴን አላውቅም ስላት በዕድሜዬ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ሱቁን ዘጋሁና ደግፌ ወደ ሲስተር ወርቄ ይዣት ሄድኩ።